የቤንዚን ተጨማሪዎችን በብስክሌት ሞተር ላይ መሞከር፦ ሞተሩን ሳይገድሉ፣ ራስን ሳያታልሉ

ሞተር የተገጠመለት ብስክሌት ያለው ሰው ይዋል ይደር እንጂ አንድ ቀን ጠርሙስ ይዞ ከነዳጅ ማጠራቀሚያው ፊት ይቆማል። አንዱ አሴቶን፣ አንዱ አልኮል፣ ሌላው ከመለዋወጫ መደብር የገዛውን «ኃይል ሰጪ» ጠብ ያደርግና አንድ ዙር ነድቶ ይመለሳል። «በረረ!» ይላል። በሳምንቱ ወይ ፒስተኑ ተፍቆ ሞተሩ ቆሟል፣ ወይ ደግሞ ያ ሁሉ መብረር በጆሮው ብቻ የነበረ መሆኑ ታውቋል።

የሁለቱም ውድቀት ምንጭ አንድ ነው። ቤንዚን ላይ የምትጨምሩት ፈሳሽ በሞተሩ ውስጥ የሚቃጠለውን የአየርና የነዳጅ ምጣኔ ሊለውጥ ይችላል፤ ሞካሪው ግን ምጣኔውን ትቶ ጠርሙሱን ያያል። ምጣኔው ሳይጠበቅ የተደረገ ሙከራ የሚፈትነው ፈሳሹን ሳይሆን የፒስተኑን ዕድሜ ነው።

መመሪያው ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ ለሚሰጣቸው ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ነው፤ ማለትም 49 ሲሲ ወይም «80 ሲሲ» ተብለው ለሚሸጡት። (ከኋለኞቹ ብዙዎቹ ሲለኩ 66 ሲሲ ሆነው ይገኛሉ፤ የሲሊንደሩ ስፋት 47፣ የፒስተኑ ምት 38 ሚሊ ሜትር ነው።) ሞተራችሁ ባለ አራት ምት ከሆነ ስለ ዘይት ምጣኔ የተባለውን ዝለሉት፤ ሌላው ያገለግላችኋል።

ሞተሩ ገና አዲስ ከሆነና የመላመጃ ጊዜውን ካልጨረሰ አትጀምሩ። በዚያ ጊዜ ፋሻዎቹ (በፒስተኑ ዙሪያ ያሉት ቀለበቶች) ከሲሊንደሩ ጋር እየተግባቡ ስለሆነ ሞተሩ በየቀኑ በራሱ ይለወጣል፤ ለውጡን ያመጣው ተጨማሪው ይሁን ጊዜው መለየት አትችሉም።

ደረጃ 1፦ ምን እንደምትሞክሩ ለዩ

*ሊሞከሩ የሚገባቸው*

ፖሊኢተርአሚን የተባለው ንጥረ ነገር ያለበት የነዳጅ መስመር ማጽጃ። የሚጠበቅበት ኃይል መጨመር ሳይሆን ቆሻሻ መፍታት ነው። ለወራት ቆሞ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይሰጠው የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) በተዛባ ሞተር ላይ ለውጥ ሊያሳይ ይችላል፤ ንጹሕ ሞተር ላይ ግን ምንም አያሳይም፤ ይህም ራሱ ውጤት ነው።

ውሃ የሌለበት ኢታኖል (የአልኮል ዓይነት ነው)፣ ከ10 በመቶ ያልበለጠ። ምጣኔውን እያያችሁ ልትለውጡት የምትችሉት ስለሆነ ለመማር ከሁሉም ይሻላል። በዚህ መመሪያ ውስጥ ዋናው ምሳሌ እሱ ነው።

የዘይቱ ዓይነትና መጠን። ማንም እንደ ተጨማሪ አይቆጥረውም፤ ነገር ግን በነዚህ ሞተሮች ላይ ከማንኛውም ጠርሙስ የበለጠ ልዩነት ሲያመጣ ያየሁት ዘይት ነው።

*ገንዘብ የሚያባክነው*

የኦክቴን ማሳደጊያ። ኦክቴን ማለት ነዳጁ ያለጊዜው በራሱ እንዳይቀጣጠል፣ ማለትም ሞተሩ እንዳያንኳኳ፣ የመቋቋም አቅሙ እንጂ የኃይሉ መጠን አይደለም። እነዚህ ሞተሮች የመጭመቅ ኃይላቸው ዝቅተኛ ነው፤ ካላንኳኳ ሞተር ላይ የማንኳኳት መድኃኒት ማፍሰስ ያልታመመን ማከም ነው። ከዚያም በላይ ብዙዎቹ የማንጋኒዝ ወይም የብረት ውሁድ ስላለባቸው ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ላይ ቀላ ያለ ዝቃጭ ይተዋሉ። ከዚያ በኋላ የካንዴላውን ቀለም አይቶ ስለ ሞተሩ መናገር አይቻልም።

*የማይነካው*

አሴቶን ፕላስቲክን፣ ቀለምንና አንዳንድ የጎማ ዓይነቶችን ያሟሟል። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ ሞክሬዋለሁ። በሁለተኛው ቀን ብስክሌቱ ቆሞ ሳለ ከካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር ከሚቀላቅለው ክፍል) ሥር ቤንዚን ይንጠባጠብ ጀመር። ስከፍተው ነጩ ፕላስቲክ ተንሳፋፊ አብጦ በአንድ ጎኑ ተጣሟል፤ በጥፍሬ ስጫነው እንደ ሰም ይሰረጎዳል። ተንሳፋፊው ካልተንሳፈፈ ቤንዚኑን የሚያቆመው የለም፤ የሚፈሰውም በጋለ ሞተር ላይ ነው።

ናይትሮሜቴን ከቤንዚን ጋር በወጉ አይቀላቀልም፤ በዚያ ላይ የራሱን ኦክስጅን ይዞ ስለሚገባ ለዚህ ሞተር አይሆንም። ኢተር ያለበት የማስነሻ ርጭት ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይቱን ያጥባል፣ ሞተሩንም በኃይል ያንኳኳል። የብል ኳስ ወይ ናፍታሊን ነው፣ ወይ ፓራዳይክሎሮቤንዚን፦ የመጀመሪያው ቤንዚኑ ሲተን መልሶ ጠጥሮ የካርቡሬተሩን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ሁለተኛው ሲቃጠል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይፈጥራል። ነጭ ጋዝ ደግሞ ኦክቴኑን ዝቅ አድርጎ ሞተሩን ለማንኳኳት ያጋልጠዋል። ከነዚህ አንዱን «በትንሹ ብቻ» ለመሞከር የሚያስብ ካለ ትንሹ ስንት እንደሆነ የሚያውቀው ሞተሩ ከተበላሸ በኋላ ነው።

ደረጃ 2፦ ቦታውንና ዕቃውን አዘጋጁ

የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት ተንፏቆ ሩቅ ያለ እሳት ጋ ይደርሳል። ስለዚህ ከቤት ውጭ፣ በጥላ ሥር፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ሥሩ።

የሚያስፈልጓችሁ፦

1. ለቤንዚን የተሠራ፣ ከ1 ሊትር በላይ የሚይዝ መያዣ። የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ አይሆንም።
2. ባለ 100 ሚሊ ሊትር ረጅም መለኪያ ብርጭቆ።
3. ባለ 5 እና ባለ 50 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ፣ መርፌ የሌለው።
4. ከኬሚካል የሚከላከል የእጅ ጓንትና የዓይን መከላከያ።
5. የደረቅ ዱቄት እሳት ማጥፊያ፣ ከእጃችሁ በማይርቅ ቦታ። በተቀጣጠለ ቤንዚን ላይ ውሃ አትድፉ፤ እሳቱን ይዞት ይሄዳል።
6. ቢያንስ ሦስት ተመሳሳይ አዲስ ካንዴላዎች።
7. የቴስታታውን (የሲሊንደሩን የላይኛ ክዳን) ሙቀት የሚለካ መሣሪያ። ከካንዴላው ሥር የሚገባው ባለ ቀለበቱ ይመረጣል።
8. ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ። የቤንዚን ጠብታ የእስክሪብቶ ቀለም ያጠፋል።

ሙቀት ከርቀት የሚያነበው መሣሪያ ብቻ ካላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የሚያብረቀርቅ አልሙኒየም ከእውነተኛው ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። ከካንዴላው አጠገብ የሳንቲም ያህል ቦታ ሙቀት በሚችል ጥቁር ቀለም ቀቡና ሁልጊዜ እዚያው ላይ፣ በቆማችሁ በ10 ሰከንድ ውስጥ ለኩ።

ቤንዚን በአፍ እየሳባችሁ አታውጡ። የነካውን ጨርቅ በቤት ውስጥ አትከምሩ፤ ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።

ደረጃ 3፦ መጀመሪያ ሞተሩን ጤነኛ አድርጉ

አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህን ነው። አየር የሚያስገባ ሞተር ላይ የተሞከረ ተጨማሪ ሁሉ መርዝ ይመስላል።

1. የአየር ማጣሪያውን አጽዱ። የቤንዚን ማጣሪያው ውስጥ ዝገት ወይም የቀለም ቅርፊት ካለ ማጠራቀሚያውን አጥባችሁ ማጣሪያውን ቀይሩ።
2. የቴስታታውን ፍሬዎች ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል አጥብቁ። ልኩን ከአምራቹ ወረቀት ውሰዱ።
3. ሞተሩን በሚኒሞ አቁማችሁ ካርቡሬተሩ ከሲሊንደሩ በሚገናኝበት ቦታ ዙሪያ በመርጫ ውሃ ርጩ። ድምፁ ከተለወጠ አየር ይገባል፤ ጓርኒሲዮኑን (በመገጣጠሚያው መካከል ያለውን ማሸጊያ) ቀይሩ። ለዚህ ሥራ ቤንዚን ወይም የካርቡሬተር ማጽጃ የሚረጩ አሉ፤ በጋለ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) አጠገብ እንዲህ ማድረግ እብደት ነው።
4. አዲስ ካንዴላ ግጠሙ። የኤሌክትሮዱን ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር አድርጉ። በእጅ እስኪነካ አዙሩና በቁልፍ ግማሽ ዙር ያህል ጨምሩ።
5. የማጥፊያ ቁልፉን ሞክሩ። በአንድ ጊዜ የማያጠፋ ከሆነ ሙከራው እዚህ ይቁም።

ደረጃ 4፦ መነሻውን ለኩ

መነሻ የሌለው ሙከራ ወሬ ነው። ስለዚህ ተጨማሪው ጠርሙስ ይህን ደረጃ እስክትጨርሱ አይከፈት።

*ቤንዚኑ ውስጥ ቀድሞ ኢታኖል እንዳለ እወቁ።* መለኪያ ብርጭቆው ውስጥ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ በላዩ 90 ሚሊ ሊትር ቤንዚን (ዘይት ያልገባበት) አድርጉ። አፉን ዘግታችሁ አናውጡት፤ አንድ ጊዜ ከፍታችሁ አስተንፍሱትና ለ10 ደቂቃ አስቀምጡት። ውሃው ከታች ይዘቅጣል። መስመሩ 10 ላይ ከቆመ ኢታኖል የለም። ወደ 18 አካባቢ ከወጣ ቤንዚኑ ውስጥ 10 በመቶ ገደማ ኢታኖል አለ፤ ውሃው ነው ስቦ ያወረደው። እንዲህ ከሆነ ተጨማሪ ኢታኖል አታስገቡ። ለመፈተኛ የተጠቀማችሁበት ቤንዚን ወደ ሞተሩ አይመለስም።

*ለሙሉ ሙከራው የሚበቃ ቤንዚን በአንድ ጊዜ ቅዱ።* በተለያየ ቀን የተቀዳ ቤንዚን አንድ አይደለም።

*የዘይቱን መጠን ወስናችሁ አትንኩት።* ለ1 ሊትር ቤንዚን፦ 20 ለ1 ከሆነ 50፣ 25 ለ1 ከሆነ 40፣ 32 ለ1 ከሆነ 31፣ 40 ለ1 ከሆነ 25 ሚሊ ሊትር። የዘይቱ አምራች ካዘዘው በታች አትውረዱ። ዘይት ማብዛትም ነጻ አይደለም፦ በዚያው ቀዳዳ የሚያልፈው ዘይት የቤንዚኑን ቦታ ስለሚይዝ ለቃጠሎ የሚደርሰው ቤንዚን ያንሳል።

*ሦስት ጊዜ ንዱ።* በማጠራቀሚያው ፋንታ በደንብ የታሰረ ትንሽ የነዳጅ መያዣ አገናኙና በትክክል 200 ሚሊ ሊትር ጨምሩ። ያንኑ መንገድ፣ በዚያው የጎማ ንፋስ፣ በዚያው ክብደት፣ በተቀራራቢ የአየር ሙቀትና ነፋስ በሌለበት ሰዓት ሂዱ። ሞተሩን ግን አስቀድማችሁ ለ10 ደቂቃ አሙቁት። መዝግቡ፦ ቤንዚኑ እስኪያልቅ የሄዳችሁት ርቀት፣ አንድ የተወሰነ ዳገት የፈጀባችሁ ሰከንድ፣ የቴስታታው ከፍተኛ ሙቀት።

ለምሳሌ ሦስቱ ጉዞዎች 7.9፣ 8.2 እና 8.0 ኪሎ ሜትር ሰጡ እንበል። ምንም ሳትጨምሩ፣ ምንም ሳትለውጡ በመካከላቸው 0.3 ኪሎ ሜትር ልዩነት አለ። ተጨማሪውን አድርጋችሁ 8.2 ብታገኙ ያገኛችሁት ትርፍ የለም። ይህን ቁጥር በደብተሩ ላይ አክብቡት፤ ኋላ የሚዳኛችሁ እሱ ነው።

*ካንዴላውን አንብቡ።* ለመጨረሻው ጉዞ አዲስ ካንዴላ ግጠሙ። ባዶና ቀጥ ባለ መንገድ ሙሉ ነዳጅ ሰጥታችሁ ከነዳችሁ በኋላ የማጥፊያ ቁልፉን ተጫኑ፤ ወዲያው ፍሪሲዮኑን (ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን መያዣ) ያዙና እስክትቆሙ ተንሸራተቱ። በሚኒሞ አታቆዩት፤ የሚኒሞ ጥላሸት የሙሉ ነዳጁን ቀለም ይሸፍነዋል። ሲቀዘቅዝ ፈታችሁ እዩ። ነጩ ሸክላ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ነጭ ሆኖ ብርጭቆ የመሰለ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፤ ይህን ሳታስተካክሉ ምንም ነገር አትጨምሩ። ጨርሳችሁ ካንዴላውን «መነሻ» ብላችሁ አስቀምጡት።

ደረጃ 5፦ ከሞተሩ በፊት በብርጭቆ ሞክሩ

1. ልትጠቀሙበት ባሰባችሁት ምጣኔ 100 ሚሊ ሊትር ድብልቅ ሥሩ፤ ቤንዚን፣ ዘይት፣ ተጨማሪ። ክዳን ባለው ንጹሕ ብርጭቆ ለ24 ሰዓት አስቀምጡት፣ አንድ ሌሊት ውጭ በብርድ ይደር። ማቀዝቀዣ ውስጥ አታስገቡት፤ ትነቱ ተጠራቅሞ በማቀዝቀዣው ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል።
2. በማግስቱ ወደ ብርሃን አንሡት። አንድ ወጥና ጥርት ያለ መሆን አለበት። ከደፈረሰ፣ ከታች መስመር ከሠራ ወይም ዘይቱ ከተለየ ያ ድብልቅ ወደ ሞተሩ አይገባም።
3. በሌላ ብርጭቆ ውስጥ ከቤንዚን ቱቦው የተቆረጠ ቁራጭ፣ ትርፍ ጓርኒሲዮንና ከተገኘ አሮጌ ተንሳፋፊ ነክራችሁ ለአንድ ሳምንት ተዉት። ከመንከራችሁ በፊት ርዝመታቸውን ለኩ። ያበጠ፣ የለሰለሰ ወይም ቀለም የለቀቀ ካለ ካርቡሬተራችሁ ውስጥም ያው ነው የሚሆነው።

ስለ አልኮል አንድ ማስጠንቀቂያ። ለቁስል ማጽጃ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ቀሪው በአብዛኛው ውሃ ነው። ከቤንዚን ጋር ስትቀላቅሉት ለጥቂት ሰከንድ ወተት ይመስላል፤ ከዚያ ከብርጭቆው ግርጌ ጥርት ያለ፣ ስታዘነብሉት እንደ ሽሮፕ የሚንከባለል ንብርብር ይቀመጣል። የማጠራቀሚያው መውጫም ከግርጌ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ይኸው ዘይት የሌለበት ውሃና አልኮል ነው። ፒስተኑ በደረቁ ይሄዳል። የምትጠቀሙት ኢታኖል ከ99 በመቶ በላይ ንጹሕ፣ ጠርሙሱም እስከዚያች ቀን ያልተከፈተ ይሁን፤ ከአየር ላይ ሳይቀር ውሃ ይስባል።

ደረጃ 6፦ ልኩን ሳታዛቡ ቀላቅሉ

ሕጉ አጭር ነው፦ ተጨማሪው እንደ ነዳጅ ይቆጠር፤ ዘይቱ በጠቅላላው ይሰላ።

የተለመደው ስህተት እንዲህ ነው። ሰውየው በ25 ለ1 የተዘጋጀ 1 ሊትር ቤንዚን አለው፤ ውስጡ 40 ሚሊ ሊትር ዘይት አለ። በላዩ 100 ሚሊ ሊትር ኢታኖል ያፈስበታል። አሁን ያ 40 ሚሊ ሊትር ለ1,100 ተካፈለ፤ ምጣኔው ወደ 27.5 ለ1 ወረደ። ሳያውቀው ሁለት ነገር ለወጠ። በ40 ለ1 የሚነዳማ 44 ለ1 ላይ ይደርሳል።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል፦

1. መያዣውን መሬት ላይ አድርጉ፤ በእጅ ይዛችሁ ወይም ብስክሌቱ ላይ አስቀምጣችሁ አትሙሉ።
2. 500 ሚሊ ሊትር ቤንዚን አፍስሱ።
3. 40 ሚሊ ሊትር ዘይት ጨምሩና አናውጡ።
4. 100 ሚሊ ሊትር ኢታኖል ጨምሩና እንደገና አናውጡ።
5. ቀሪውን 400 ሚሊ ሊትር ቤንዚን አድርጉ።
6. መያዣው ላይ የገባውን ሁሉ፣ መጠኑንና ቀኑን ጻፉበት።

የማጽጃ ፈሳሽ ከሆነ ጠርሙሱ ላይ የታዘዘውን መጠን በስሪንጅ ለኩ። ለሊትር 5 ሚሊ ሊትር ከተባለ ለ200 ሚሊ ሊትር 1 ብቻ ነው። «ለእርግጠኝነት እጥፍ ላድርገው» ያለ ሰው እርግጠኛ የሚሆነው ልኩን ማለፉን ብቻ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ኢታኖል ስትሞክሩ በ10 አትጀምሩ። በ5 በመቶ ጀምሩ።

ደረጃ 7፦ ካርቡሬተሩን ለአዲሱ ነዳጅ አስተካክሉ

ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል በክብደት ከ14.7 እጥፍ አየር ጋር ይገናኛል፤ ኢታኖል ግን 9 እጥፍ ይበቃዋል። 10 በመቶ ኢታኖል ያለበት ድብልቅ 14.1 ገደማ ይፈልጋል። ካርቡሬተራችሁ ይህን አያውቅም፤ እንደ ድሮው ይለካል። ስለዚህ ሞተሩ 4 በመቶ ያህል ነዳጅ ያንሰዋል።

አራት በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ መነሻው ላይ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ከሆነ ግን ፒስተኑን ለመፋቅ ይበቃል። ማስተካከያው የሚሠራው በሁለት ቦታ ነው።

*በመካከለኛ ነዳጅ፦* የካርቡሬተሩን መርፌ አውጡ። ጫፉ ላይ ያለውን ትንሽ ማቆሚያ በአንድ ቦይ ወደ ታች ዝቅ አድርጉት። መርፌው ከፍ ይላል፤ ቤንዚኑ ይጨምራል።

*በሙሉ ነዳጅ፦* የሚወስነው ዋናው ጄት ነው፤ መሃሉ የተበሳው ትንሽ የናስ ብሎን። 4 በመቶ ተጨማሪ ስፋት ለማግኘት ዲያሜትሩን 2 በመቶ ማስፋት ይበቃል። 0.70 ሚሊ ሜትር የነበረ ቀዳዳ 0.71 ወይም 0.72 ይሆናል ማለት ነው። በቁጥሩ ከፍ ያለ ጄት ገዝቶ መቀየር ከሁሉ ይመረጣል። መቦርቦር ግድ ከሆነ በጣት በሚሽከረከር መሰርሰሪያ፣ በትርፍ ጄት ላይ ሥሩ። የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ቀዳዳውን ያጣምመዋል። ዋናውን ጄት በከረጢት አድርጋችሁ ስሙን ጻፉበት፤ መመለሻችሁ እሱ ነው።

ለማጽጃ ፈሳሽ በታዘዘው መጠን ምንም ማስተካከል አያስፈልግም።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች

1. ካርቡሬተሩ ሥር ያለውን ጎድጓዳ ባዶ አድርጉ፤ አሮጌው ቤንዚን እዚያ ይቀራል። ከዚያ አዲሱን ድብልቅ ክፈቱ።
2. አስነሡና ሳትንቀሳቀሱ 2 ደቂቃ ጠብቁ። ከቱቦው መገጣጠሚያና ከካርቡሬተሩ ሥር ጠብታ ካለ በጣት ዳስሱ። ጠብታ ከታየ አጥፉ።
3. ከግማሽ ነዳጅ ሳታሳልፉ 5 ደቂቃ ንዱ። ሙቀቱን ተከታተሉ።
4. ሙቀቱ ከመነሻው በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ ከበለጠ ወይም ወደ 200 ከተጠጋ ቁሙ።
5. ሁሉም ደህና ከሆነ ለአጭር ጊዜ ሙሉ ነዳጅ ስጡ፣ አጥፉ፣ ካንዴላውን እዩ። ሸክላው ከመነሻው ካንዴላ ይልቅ ከነጣ ወደ ደረጃ 7 ተመለሱ።

አንድ እጃችሁ ሁልጊዜ ፍሪሲዮኑ ላይ ይሁን። ምክንያቱ ከታች ይመጣል።

ደረጃ 9፦ ለኩ፣ ከዚያ ወደ መነሻው ተመለሱ

በተጨማሪው ሦስት ጊዜ ንዱ፤ እንደ ደረጃ 4 በ200 ሚሊ ሊትር። ከዚያ ሁሉንም አውጥታችሁ፣ ጄቱን መልሳችሁ፣ በተራው ቤንዚን ሦስት ጊዜ ድገሙት።

ይህ መመለስ ሰዎችን ያሰለቻል፤ ግን ውሸታሙን የሚያጋልጠው እሱ ነው። ሞተሩ በተጨማሪው «ተሻሽሎ» ወደ ተራው ቤንዚን ስትመለሱም ተሻሽሎ ከቀጠለ ያሻሻለው ፈሳሹ አልነበረም፤ የአየሩ መቀዝቀዝ፣ የሰንሰለቱ መላላት ወይም ያጸዳችሁት ማጣሪያ ነው። ማጽጃ ፈሳሽ ብቻ ነው ከዚህ የሚለየው፤ ካጸዳ፣ ፈሳሹ ከወጣ በኋላም ጥቅሙ መቀጠል አለበት።

ከኢታኖል ምን እንደምትጠብቁም አስቀድማችሁ እወቁ። በሊትር ሲለካ ጉልበቱ ከቤንዚን በሲሶ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ 10 በመቶ ኢታኖል ያለበት ነዳጅ ርቀቱን በ3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። በ8 ኪሎ ሜትር ላይ 3 በመቶ ማለት 0.24 ኪሎ ሜትር ነው። ያከበባችሁት ቁጥር ግን 0.3 ነበር። ማለትም ሦስት ጉዞ ይህን ልዩነት አያሳይም፤ ስድስት ወይም ስምንት ያስፈልጋል። «በአልኮል 20 በመቶ አተረፍኩ» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ስንት ጊዜ እንደለካ ጠይቁት። የሚያገኘው ጥቅም ካለ በሙቀቱ መለኪያ ላይ ነው የሚታየው፤ ኢታኖል ሲተን ብዙ ሙቀት ይወስዳል።

አንድ ደረጃ ሲበላሽ

*ነዳጅ መስጫውን ለቃችሁ ሞተሩ ብቻውን መጮኹን ከቀጠለ፦* ቤንዚን አንሶታል ወይም አየር ገብቷል። ማጥፊያ ቁልፉን ተጫኑ። እምቢ ካለ ቾኩን (የካርቡሬተሩን የአየር መዝጊያ) ዝጉና ፍሪሲዮኑን ሳትይዙ ፍሬን ላይ ተጫኑ፤ ሞተሩ ታፍኖ ይጠፋል። ፍሪሲዮኑን ከያዛችሁ ሸክሙ ይነሣለትና ይብስበታል። ድብልቁን አውጡ፣ ደረጃ 3ን ድገሙ።

*ኃይሉ በድንገት ከወደቀና የሚያፋጭ ድምፅ ከሰማችሁ፦* ፒስተኑ ሊጣበቅ ነው። እዚህ ግን ተቃራኒውን አድርጉ፦ ፍሪሲዮኑን ወዲያው ያዙ፤ አለበለዚያ የኋላው ጎማ ተቆልፎ ይጥላችኋል። አጥፉ። አንድ ሰዓት ይቀዝቅዝ፤ በግድ አታዙሩት። ከዚያ ካንዴላውን ፈትታችሁ በእጅ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ቢዞርም ማርሚታውን አውልቃችሁ በቀዳዳው በኩል ፒስተኑን ተመልከቱ። ቁመታዊ ጭረት ካለ ሲሊንደሩ መከፈት አለበት።

*ዳገት ላይ ብርጭቆ ውስጥ የተጣለ ጠጠር የመሰለ ድምፅ ከመጣ፦* ሞተሩ እያንኳኳ ነው። ነዳጁን ቀንሱ፣ ቁሙ። ከተጨማሪው በፊትም የነበረ ከሆነ ምክንያቱ ጥላሸት የተከማቸበት ቴስታታ ወይም የጋለ ካንዴላ ሊሆን ይችላል።

*እየተንተባተበ ከፍ ካላለና ጭሱ ከወፈረ፦* ቤንዚን በዝቶበታል። የመርፌውን ማቆሚያ አንድ ቦይ ከፍ አድርጉ። ይህ የሚያናድድ እንጂ የሚገድል ስህተት አይደለም።

*ካንዴላው ቀይ ወይም ብርቱካንማ ከሆነ፦* ፈሳሹ ብረት ወይም ማንጋኒዝ አለበት። ያንን ካንዴላ ጣሉ፤ ምጣኔውን በሙቀት ብቻ ዳኙ።

*ቱቦው ከላላ ወይም ከጠነከረ፦* ቆርጣችሁ አትቀጥሉት። ሙሉውን ቀይሩ፣ ደረጃ 5ንም በአዲሱ ቱቦ ድገሙት።

ደረጃ 10፦ አጥባችሁ ዝጉ

የኢታኖል ድብልቅ ካርቡሬተሩ ውስጥ አይደር። መክፈቻውን ዘግታችሁ ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ አትጠብቁ፤ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ቤንዚንም ዘይትም እያነሰው ነው የሚሄደው። አጥፉና ጎድጓዳውን ከፍታችሁ አፍስሱ። በተራ ድብልቅ ሁለት ጊዜ አለቅልቁት።

ጄቱንና የመርፌውን ማቆሚያ ወደ ቦታቸው መልሱ። ሰፊው ጄት እንደገባ ተራ ቤንዚን ብታደርጉ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታውም በዘይት ይሞላል፤ ከዚያ ጥፋቱን ተጨማሪው ላይ ትጥላላችሁ።

የተረፈውን ድብልቅ መሬት ላይ ወይም ቦይ ውስጥ አትድፉ፤ አሮጌ ዘይት ለሚቀበል ጋራዥ አስረክቡ። ስም ያልተጻፈበት መያዣ ካገኛችሁም አሽትታችሁ ለመለየት አትሞክሩ፤ አብሮ ይሂድ።